ተመራማሪ ያደረገኝ ያልተከፈለኝ ሥራ ነው

በአጥንትና በመገጣጠሚያ ባዮሜካኒክስ ምርምር ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ወደ ሙያው መግባት የሚፈልጉ ወጣቶች ሲጽፉልኝ ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። የትኛውን ሶፍትዌር ልማር? መካኒካል ምህንድስና የተማረ ሰው ይገባበታል? ፒኤችዲ ግድ ነው? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከታች እመልሳቸዋለሁ። ማንም የማይጠይቀኝ ግን ከምርምሩ ጎን ስላለው አገልግሎት ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ መገምገም፣ በስታንዳርድ ኮሚቴ መቀመጥ፣ ጉባኤ ማዘጋጀት፣ ተማሪ ማማከር፣ ዳታን ለሌሎች ክፍት ማድረግ። አብዛኛው አይከፈልበትም። ብዙ ሰው "ስሜ ከታወቀ በኋላ እደርስበታለሁ" ብሎ ያቆየዋል። እኔ ሙያዬን በደንብ የተማርኩት ግን እዚያ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በዋናነት ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። የምንጠይቀው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው። አጥንት፣ ጅማት፣ ካርቲሌጅ (መገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን)፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ብረት ምን ያህል ጭነት ይችላሉ? መቼና ለምን ይሰበራሉ? መልሱ ግን ላይ ላዩን አይገኝም። አንድ ሰው በተለመደው ፍጥነት ሲራመድ ዳሌው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ሲደናቀፍ ከሰባት እጥፍ በላይ ሲደርስ ተለክቷል። ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከጡንቻ ነው። በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችን እንዳይዘም በጎን በኩል ያሉት ጡንቻዎች አጥብቀው ይስባሉ። ጉተታቸው ከክብደቱ ጋር ተደምሮ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል።

ይህን በግምት አይደለም የምናውቀው። በርሊን ውስጥ በጌዮርግ በርግማን የተመራው ቡድን መለኪያና ማስተላለፊያ በውስጡ ያለበት ሰው ሠራሽ ዳሌ ሠራ። ታካሚዎች ፈቅደው ተተከለላቸው። ሲራመዱ፣ ደረጃ ሲወጡ፣ ከወንበር ሲነሱ ኃይሉ ከሰውነታቸው ውስጥ በቀጥታ ተለካ። ቡድኑ ውጤቱን አሳትሞ ዳታውን መሳቢያ ውስጥ ቢቆልፈው ማንም አይከሰውም ነበር። እሱ ግን ኦርቶሎድ በሚባል የመረጃ ቋት ለሁሉም ከፈተው። እኔ ተማሪ ሆኜ የመጀመሪያዬን የኮምፒውተር ሞዴል የጫንኩት በእነዚያ ቁጥሮች ነው። የዳሌ ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚያ ሳይደርስ አይቀርም። እንዲህ ያለ አገልግሎት ነው ሙያውን ደግፎ የያዘው።

ወደ ራሴ ልምጣ። የመጣሁት ከመካኒካል ምህንድስና ነው። ከሒሳብና ከፊዚክስ፣ ከማቴሪያል ሳይንስ፣ ከህክምና፣ ከፊዚዮቴራፒ የመጡ የሥራ ባልደረቦችም አሉኝ። በሩ ሰፊ ነው። ከየትም ብትመጡ ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል፤ የመካኒክስ መሠረትና ስታቲስቲክስ። ሶፍትዌር ከዚያ በኋላ ይለመዳል። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ በነጻ የሚገኙ አሉ። የሰውነት እንቅስቃሴና የጡንቻ ኃይል ለማስላት ኦፕንሲም አለ። ለለስላሳ የሰውነት ክፍሎች የፋይናይት ኤለመንት ስሌት (አካሉን ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ማስላት) ፌቢዮ አለ። ሁለቱም የተሠሩት ተመራማሪዎች ለተመራማሪዎች ብለው ነው። ከሁለቱ አንዱን ይዞ አንድ የታተመ ውጤት ራስን ችሎ እንደገና ሠርቶ ማግኘት ከብዙ ሰርተፊኬት ይበልጣል። ለሥራ የሚያመለክት ሰው ይህን ሠርቶ ሲመጣ ሲቪው ላይ ያለውን ሌላውን ነገር ቶሎ ነው የማልፈው።

ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ የመጀመሪያው ዓመት በእጅ ሥራ ያልፋል። አጥንቱ የሚገኘው አካላቸውን ለሳይንስ ከለገሱ ሰዎች ነው። ማይነስ 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ለሙከራ ሲፈለግ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ይደረጋል። ሥጋው በጥንቃቄ ይነሳል። ከዚያ የአጥንቱ ጫፍ የብረት ኩባያ ውስጥ ቆሞ አክሪሊክ ሲሚንቶ ይፈስበታል። ሲሚንቶው ሲጠነክር ይሞቃል፤ ኩባያውን በእጅ ሲነኩት ይታወቃል። እስኪጠነክር ድረስ አጥንቱ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ጥቂት ዲግሪ ከዘመመ ማሽኑ አጥንቱን በቀጥታ መጫኑ ቀርቶ ማጠፍ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሲሆን አጥንቱ በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል። የደረቀ አጥንት ግትር ይሆናል፣ እንደ ሸክላም ይሰበራል፤ ልኬቱም በሕይወት ያለ ሰው አጥንት ልኬት መሆኑ ይቀራል። አንድ ጥሩ የላብ ቴክኒሻን ይህን በአንድ ከሰዓት ያስተምራችኋል። የትም መጽሐፍ ላይ አሟልታችሁ አታገኙትም።

ስለ ቴክኒሻን ካነሳሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሁሌ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነው። እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሰው ሠራሽ ዳሌ ሲሠራ ለጽዋው (የዘንጉ ራስ ለሚሽከረከርበት ጎድጓዳ ክፍል) የመረጠው ቴፍሎን ነበር። ቴፍሎን ያንሸራትታል፤ ግን ቶሎ ይፋቃል። ብናኙም ሰውነትን ያስቆጣል። ወደ 300 የሚጠጉ ታካሚዎች ተተክሎላቸው ነበርና ችግሩ ቀላል አልነበረም። በ1962 አንድ ሻጭ ለሽመና ማሽን ጊር የሚያገለግል ሌላ ፕላስቲክ ይዞ ወደ ላቡ መጣ። ፖሊኤትሊን ነበር። ቻርንሊ አልጣመውም። የላቡ ቴክኒሻን ሃሪ ክሬቨን ግን አለቃው በሌለበት የመፋቂያ ማሽኑ ላይ ጫነው። ማሽኑ ሌት ተቀን ሦስት ሳምንት ዞረ። ፖሊኤትሊኑ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የተፋቀው ቴፍሎን በ24 ሰዓት የሚፋቀውን ያህል እንኳ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ በታካሚ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። የተሻሻለው ዝርያው እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይተከላል። እኔ ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ነገር ነው። ጽሑፍ ስታዘጋጁ ሙከራውን በእጁ ያዘጋጀው ሰው ስሙ የት እንደሚገባ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። ምስጋና ውስጥ ይበቃል ወይስ ከጸሐፊዎቹ አንዱ መሆን አለበት? ይህን ማንሳት የዋና ተመራማሪው ኃላፊነት ነው። እሱ ካላነሳው ግን ተማሪውም ማንሳት ይችላል።

የሥራ መስኩን በተመለከተ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። ኢምፕላንት (ሰውነት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ክፍል) የሚያመርቱ ድርጅቶች የዲዛይንና የሙከራ መሐንዲሶች ይቀጥራሉ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ይበቃል። ራሳቸውን የቻሉ የሙከራ ላቦች አሉ። የህክምና መሣሪያ ፈቃድ የሚሰጡ መንግሥታዊ ተቋማት አሉ፤ የአሜሪካው ኤፍዲኤ የራሱ የምርምር ላብ ጭምር አለው። ሆስፒታል ውስጥ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸውን ልጆች አካሄድ የሚለኩ የእንቅስቃሴ ላቦች አሉ። ከታካሚ የወጡ ኢምፕላንቶችን እየመረመሩ ለምን እንደተሰበሩ የሚያጣሩም አሉ። ይሄኛው እኔ በጣም የምወደው ሥራ ነው፤ ብዙ ወጣት ደግሞ ጨርሶ አያውቀውም። የራስን የምርምር ጥያቄ ይዞ ቡድን መምራት ለሚፈልግ ሰው ግን ፒኤችዲው አይቀርለትም። ከዚያም ፖስትዶክ አለ። ጊዜያዊ ውል ነው፤ አገር ያስቀይራል፤ ቤተሰብ ላለው ሰው ይከብዳል። ይህን ሳልነግር ባልፍ ደስ አይለኝም። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ኢንዱስትሪ መሄድ እንደ ሽንፈት የሚታይበት ላብ ካጋጠማችሁ አትስሙት። በጣም ጥንቁቅ የሆኑ ሙከራዎችን ያየሁት ውጤቱ ለፈቃድ የሚቀርብባቸው ቦታዎች ላይ ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ። ከሐኪሞች ጋር ከመቀመጥ ልጀምር። ይህ በሲቪ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ግን ያለ እሱ ሥራችን ቆሞ ይቀራል። አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም አንድ ቀን የኤክስሬይ ፎቶ አምጥቶ "ከብረቱ ጎን ያለው አጥንት ለምን እየሳሳ ይሄዳል?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አሮጌ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 አጥንት በሚሸከመው ጭነት መጠን ራሱን እንደሚቀርጽ ጽፏል። የጭን አጥንት ቅርፊት ግትርነት 20 ጊጋፓስካል ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። የቲታኒየም ቅይጥ 110 ገደማ፣ የማይዝግ ብረት ደግሞ 200 ገደማ ነው። ግትሩ ጭነቱን ይወስደዋል። አጥንቱ ሥራ ይፈታል፣ ይሳሳል። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ሥዬ አስረዳሁት። እሱ ደግሞ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። የሳሳው አጥንት እሱን የሚያስጨንቀው ኢምፕላንቱ የሚቀየርበት ቀን ሲመጣ ነው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ላይ የሚይዘው አጥንት ያጣል። የእኛ ሞዴሎች የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነበር የሚያሰሉት። ከዚያ ውይይት የወጣው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ የላባችን ዋና ሥራ ሆነ።

ከተፈቀደላችሁ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ። በተነገራችሁ ቦታ ቁሙ፤ የተሸፈነውን ነገር አትንኩ፤ ጥያቄያችሁን ለኋላ አቆዩት። ዓይናችሁን ግን እጅ ላይ አድርጉ። እኛ ላብ ውስጥ ብሎን የምናስገባው በተለካ የማጥበቂያ ኃይል ነው። ቀዶ ሐኪሙ በብዙ ሁኔታ የሚያጠብቀው በእጁ ስሜት ነው። አጥንቱ በእድሜ የሳሳ ከሆነ ብሎኑ ጠበቀ ካለ በኋላ ትንሽ ቢጨመርበት ጥርሱ አጥንቱን ይበላውና በባዶ ይዞራል። ያ ቀዳዳ ከዚያ በኋላ መያዝ ያቅተዋል። ይህን ባየሁበት ሰሞን የሙከራ ዕቅዳችን ላይ አንድ መስመር ጨመርን። ብሎኑን ማን፣ በምን መሣሪያ፣ እስከ የት እንዳጠበቀው ይጻፋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሁለት ላቦች በአንድ ዓይነት ፕሌት (የተሰበረ አጥንት በብሎን የሚያያዝበት ብረት) ላይ የተለያየ ውጤት ሲያገኙ ግን መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት።

ቀጥሎ የአቻ ግምገማ። ጆርናሎች ጽሑፍ ሲደርሳቸው ለሙያው ሰዎች ይልካሉ። ገምጋሚው አንብቦ አስተያየት ይጽፋል። ክፍያ የለውም። ሌላ ሰው እንዴት እንደሚያስብ በእርጋታ የምታዩበት ቦታ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለመጀመር ጥሩው መንገድ ከአማካሪያችሁ ጋር አብሮ መገምገም ነው። አርታኢው ማወቅ አለበት። ስማችሁ ተደብቆ ሥራውን ብቻ የምትሠሩበት ልማድ በአንዳንድ ላቦች አለ፤ ትክክል አይደለም። "ለአርታኢው ስሜን አሳውቁልኝ" በሉ። በትሕትና ከተጠየቀ እምቢ የሚል አማካሪ ብዙ አላየሁም።

ስገመግም መጀመሪያ የማየው የናሙናውን ቁጥር ነው። ደጋግሞ የሚመጣ ችግር አለ። ስድስት የጭን አጥንቶች ይኖራሉ። እያንዳንዳቸው አሥር ጊዜ ይጫናሉ። ስታቲስቲክሱ ላይ ሲደርስ ናሙናው 60 ይሆናል። እነዚህ 60 ልኬቶች ናቸው እንጂ 60 ሰዎች አይደሉም። የአንድ ሰው አጥንት አሥር ጊዜ ቢለካ ያው አንድ ሰው ነው። የግራና የቀኝ አጥንትም እንደዚሁ። ግራውን በአንድ ፕሌት፣ ቀኙን በሌላ ፕሌት አድርጎ ማወዳደር ብልህ ዲዛይን ነው። ሁለቱን እንደማይተዋወቁ ሰዎች መቁጠር ግን ውጤቱን ያጋንነዋል። ይህን ስጽፍላቸው "ስታቲስቲክሳችሁ ልክ አይደለም" ብዬ አላቆምም። ልኬቶቹ ከየትኛው ሰው እንደመጡ የሚያውቅ ሞዴል ተጠቀሙ፤ ወይም ለእያንዳንዱ አጥንት አማካይ ወስዳችሁ በስድስት አወዳድሩ እላለሁ። ጸሐፊው ነገ ጠዋት ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት።

የኮምፒውተር ሞዴል ከሆነ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። ሞዴሉ በየት በኩል ነው የተያዘው? የኤለመንቶቹ መጠን ሲያንስ ውጤቱ ይቀየራል? ከሙከራ ጋር ተወዳድሯል? የመጀመሪያው ላይ ብዙ ነገር ይደበቃል። አጥንቱን ከታች እንደ ድንጋይ አጥብቆ ይዞ ከላይ መጫን ቀላል ነው። ሰው ግን እንደዚያ አልተሠራም። ሞዴሉ ፍጹም ይሁን አልልም። ለምን ዓላማ እንደሚበቃ ይነገረኝ ነው የምለው። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ2018 ለህክምና መሣሪያ ሞዴሎች ያወጣው መመሪያ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ሞዴሉ የሚደግፈው ውሳኔ ለታካሚ አደገኛ በሆነ መጠን የሚጠየቀው ማስረጃም ይጨምራል።

አጻጻፍ ላይ አንድ ልማድ አለኝ። አስተያየቴን የምጀምረው ጽሑፉ ምን እንዳገኘ በራሴ ቃል በመግለጽ ነው። ይህን መጻፍ ካቃተኝ ገና አልገባኝም ማለት ነው፤ እመለሳለሁ። ከዚያ መደምደሚያውን የሚያናጉትን ነጥቦች አስቀድማለሁ። የፊደል ግድፈት መጨረሻ ይምጣ። ፊት ለፊት ለሰውዬው የማልለውን አልጽፍም። የራሴን ጽሑፎች ጥቀሱ ብዬ አላስገድድም። የማላውቀው ክፍል ካለ ለአርታኢው እናገራለሁ፤ "የሙከራውን በኩል አይቻለሁ፣ የሴል ባዮሎጂውን ሌላ ሰው ይይ" ማለት ነውር የለበትም። ጽሑፉ ምስጢር ነው። ለጓደኛ አይላክም፤ ጆርናሉ ሳይፈቅድ የኦንላይን የኤአይ መሣሪያ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰደው የስታንዳርድ ሥራ ነው። ብዙ ተመራማሪ ስታንዳርድ የሚባል ነገር ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ሰዎች ተቀምጠው የሚጽፉት ነው። የዓለም አቀፉ የስታንዳርድ ድርጅት (አይኤስኦ) 150ኛ ቴክኒካል ኮሚቴ በቀዶ ሕክምና ለሚተከሉ ኢምፕላንቶች የተቋቋመ ነው። መነሻው አሜሪካ የሆነው የስታንዳርድ ድርጅት የኤኤስቲኤም ኤፍ04 ኮሚቴም ከ1962 ጀምሮ ይሠራል። ጠረጴዛው ዙሪያ አምራቾች፣ የሙከራ ላቦች፣ ፈቃድ ሰጪዎች፣ ጥቂት ሐኪሞችና ጥቂት ተመራማሪዎች አሉ። የሚሸጠው ነገር የሌለው ሰው እዚያ በጣም ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ። ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባ የሰው ሠራሽ ዳሌ ዘንግ ሲፈተን ከታች በሲሚንቶ ተይዞ ከላይ ነጻ ይተዋል። በአንድ በኩል 10 ዲግሪ፣ በሌላ በኩል 9 ዲግሪ ያዘነብላል። በአይኤስኦ 7206-4 መሠረት 2300 ኒውተን ድረስ እየተጫነ 5 ሚሊዮን ዑደት ሳይሰበር መቆየት አለበት። በሰከንድ 10 ጊዜ ቢጫን ስድስት ቀን ገደማ ነው። ለምን ከላይ ነጻ ይተዋል? በቀደሙት ዓመታት በታካሚዎች ውስጥ የተሰበሩት ዘንጎች ብዙዎቹ የተሰበሩት እንዲህ ስለነበረ ነው። ከላይ ያለው አጥንትና ሲሚንቶ ላላ፤ ከታች ያለው አጥብቆ ያዘ። ዘንጉ በእያንዳንዱ እርምጃ እየታጠፈ ደከመና ተሰበረ። ስታንዳርዱ ያንን ክፉ ሁኔታ ሆን ብሎ ይደግመዋል። አንድ ስብሰባ ላይ ግማሽ ቀን የፈጀነው ናሙናው የሚያዝበት ከፍታ በምን ያህል ሚሊሜትር ቢለያይ ይፈቀዳል በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። ከፍታው ዝቅ ሲል ማጠፊያው ኃይል ይጨምራል፤ ከፍ ሲል ፈተናው ይቀላል። አንዱ ላብ ያለፈውን ዘንግ ሌላው ይጥለዋል ማለት ነው። ውይይቱ ለሚያየው ሰው አሰልቺ ነው። እኔ ግን ወንበሬን ለቅቄ መሄድ አልቻልኩም።

ስታንዳርድ ሲጎድል ምን እንደሚሆንም አይተናል። ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከሩ ሰው ሠራሽ ዳሌዎች በማሽን ሲፈተኑ መፋቃቸው ትንሽ ነበር። ማሽኑ ላይ ግን ጽዋው በጥሩ አቅጣጫ ነው የሚቀመጠው። ሰው ላይ ሁልጊዜ እንደዚያ አይሆንም። ጽዋው ቀና ብሎ ሲቀመጥ ጭነቱ ጠርዙ ላይ ይወድቃል። የብረት ብናኙ ይበዛል፤ ዙሪያው ያለው ሥጋ ይጎዳል። በ2010 ከእነዚህ ዓይነቶች አንዱ ከዓለም ገበያ ተሰበሰበ። ችግሩ ጎልቶ እንዲታይ ያደረጉት አገር አቀፍ የመገጣጠሚያ መዝገቦች ናቸው። ስዊድን የጉልበት መዝገቧን በ1975፣ የዳሌውን በ1979 ጀምራለች። ሌሎችም ተከትለዋል። እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምናና ዳግም ቀዶ ሕክምና ይመዘገባል፤ ቶሎ ቶሎ የሚቀየረው ዓይነት ቁጥሩ ከሌሎቹ ይለያል። በ2018 አይኤስኦ 14242 አዲስ ክፍል ተጨመረበት፤ ጽዋው ያለቦታው ሲቀመጥና ጠርዝ ሲጫን የሚፈትን ነው። ያ ክፍል ያለደመወዝ በተቀመጡ ሰዎች ልፋት የወጣ ነው። አንድ ጥሩ ጽሑፍ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። አንድ የፈተና ዘዴ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ኢምፕላንት ሁሉ ይነካል።

እንዴት ይገባል? ለአይኤስኦ በአገራችሁ የስታንዳርድ ተቋም በኩል ነው የሚኬደው። አገሪቱ በዚያ ኮሚቴ የምትሳተፍ ከሆነ ተቋሙ ባለሙያ ይሰይማል። ባለሙያ ፍለጋ ላይ ስለሆኑ "እኔ አለሁ" የሚል ሰው አይጠሉም። ኤኤስቲኤም በግል አባልነት ይቀበላል፤ ብዙውን ውይይትና ድምፅ አሰጣጥ ከርቀት መከታተል ይቻላል። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ከዚያ ላባችሁ በላቦች መካከል በሚደረገው የንጽጽር ሙከራ እንዲሳተፍ ጠይቁ። አንድ ዓይነት ናሙና ለብዙ ላብ ይላክና ውጤቱ ይወዳደራል። ለአዲስ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ምርምራችሁን አምራች ከደገፈው ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ቃሉ ውሃ ያነሳል።

ማኅበራትንም አትርሱ። የኦርቶፔዲክ ምርምር ማኅበር በ1954፣ ዓለም አቀፉ የባዮሜካኒክስ ማኅበር በ1973፣ የአውሮፓው በ1976 ተመሠረቱ። ሁሉም ለተማሪ ዝቅ ያለ ክፍያ አላቸው። ዓለም አቀፉ ማኅበር በኢኮኖሚ ገና በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ተመራማሪዎች ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ ጠይቁበት። ጉባኤ ላይ አብስትራክት (የጽሑፍ ማጠቃለያ) የሚገመግሙ ሰዎች ሁሌ ያጥራሉ። አንድ ገጽ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ለሹመትና ለዕድገት ሲመዘን ደግሞ ከታተመ ጽሑፍና ከመጣ የምርምር ገንዘብ በታች ነው የሚቆጠረው። እሺ የሚል ሰው ላይ ሁሉም ይጭንበታል፤ በተለይ ወጣቶችና በላቡ ውስጥ በቁጥር ጥቂት የሆኑት ይጫንባቸዋል። ስለዚህ ምረጡ። የእኔ መመዘኛ ግልጽ ነው። ሌሎች ለእኔ የገመገሙልኝን ያህል እገመግማለሁ። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የስታንዳርድ ቡድን ውስጥ አልገባም። ከታካሚ የራቀ፣ ስም ብቻ የሆነ ኮሚቴ እምቢ እላለሁ። እምቢ ስል በዚያው ቀን እናገራለሁ፤ በምትኬም ሌላ ሰው እጠቁማለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ፖስትዶክ ላይ ያለ ሰው። "ክቡር ፕሮፌሰር" ብሎ የሚጀምርና ከሙያችሁ ጋር የማይገናኝ ጆርናል የሚያስተዋውቅ ኢሜይል ሲመጣ አጥፉት። እሱ አገልግሎት አይደለም፤ ንግድ ነው። የሠራችሁትን ደግሞ መዝግቡ። የትኛው ጆርናል፣ የትኛው ኮሚቴ፣ በየትኛው ዓመት። ከዓመታት በኋላ ማመልከቻ ስትሞሉ አታስታውሱትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮሚቴ ወይም ለጆርናል አርታኢ የምትጽፉት ደብዳቤ አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ከዚያ በእጃችሁ የምትሠሩትን ነገር ለይታችሁ ጻፉ። "ባዮሜካኒክስ" ብቻ አትበሉ፤ "የፕሌትና ብሎን የድካም ሙከራ በሰው ሠራሽ አጥንት ላይ እሠራለሁ፣ በማይክሮ ሲቲ ምስልም ሞዴል እገነባለሁ" በሉ። አርታኢ የሚፈልገው ያንን ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲደርሰው ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። የአማካሪያችሁን ስም በእሱ ፈቃድ ጥቀሱ። በወር ስንት ጽሑፍ ማየት እንደምትችሉ ተናገሩ፤ አንድ ከሆነ አንድ በሉ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ። አሁንም ዝም ካለ ወደሚቀጥለው ጆርናል ጻፉ።